ያዳኑኝ አራት ነገሮች

ሰው ስለ ሕይወቱ ሲጽፍ ከእናቱ ወይም ከተወለደበት መንደር ይጀምራል። እኔ ከፓስወርድ ልጀምር ነው። ሳቁብኝ፣ ግድ የለም። ሁለት ዓመት ተኩል ያህል የኢሜሌ ቁልፍ ሆነው የኖሩ አራት ቃላት ነበሩኝ፤ አሁን ስለቀየርኳቸው ብናገራቸው አልሰጋም። አዲሱን ለሚስቴም አልነገርኳት። እሷም የራሷን ጠይቄያት አልነገረችኝም። እንዲሁ ተከባብረን እንኖራለን።

ሥራዬ ሹፌርነት ነው። መርሳ ተወልጄ፣ ከመርሳ ወልድያ በሚኒባስ እየተመላለስኩ ጠጉሬን ያሸበትኩ ሰው ነኝ። በገበያ ቀን ወደ ግራና እወጣለሁ፤ ሲቀናኝም ወልድያን አልፌ ሐራ ድረስ እሄዳለሁ። ስለ ሞተር ጠይቁኝ፣ ምሳችሁን እስክትረሱ አወራላችኋለሁ። ስልክ ግን ለእኔ መደወያ ነበር። ኢሜል ከፍታ፣ ገጽ አውጥታ፣ ከመኪናዬ ጋር የተነሳሁትን ፎቶ የለጠፈችልኝ ልጄ ናት። ፓስወርድ ምረጥ ስትለኝ ሳላመነታ የመኪናዬን ታርጋ ሰጠኋት። ከእንቅልፌ ብትቀሰቅሱኝ የማልስተው ቁጥር እሱ ነዋ። ያ ቁጥር ከፊት፣ ከኋላ፣ በበሩም ላይ በትልልቁ በቀለም ተጽፎ አገር ምድሩን ሲዞር እንደሚውል አንድም ቀን ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

ያን ጊዜ ረዳት ነበረኝ። ዐሥራ አንድ ዓመት በር ላይ ቆሞ ተሳፋሪ ሲጠራልኝ የኖረ፣ ሚስትና ልጆች ያሉት ሰው ነው፤ ዛሬ መርሳ መናኸሪያው አጠገብ ጎሚስታ ሆኖ የራሱን ጎማ ቤት ከፍቷል። ተንኮል ካማረው አያስችለውም። አንድ ቅዳሜ ገጼን በታርጋዬ ከፍቶ፣ ከሰኞ ጀምሮ አማቶችን ከመርሳ ወልድያ በነፃ አመላልሳለሁ ብሎ በስሜ ጻፈ። ሰኞ ጠዋት መናኸሪያ ስደርስ ሰባት እናቶች ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ዘንቢላቸውን ይዘው ተሰልፈዋል። ከሁሉም ፊት የቆሙት የገዛ አማቴ ናቸው። ምን ልበል? ይመለሱ ልበላቸው? ጫንኳቸው እንጂ። አማቴ መንገዱን ሙሉ እየመረቁኝ ሲሄዱ ረዳቴ ሳቁን ለማፈን ከንፈሩን ነክሶ በመስኮት ወደ ውጭ ያያል። ወልድያ ስንደርስ ጥግ አስይዤ በምን ከፈትከው ብዬ አፈጠጥኩበት። ዓይኑን እንኳ አላሸም።

«ጋሼ፣ አንቱ በር ላይ ጽፈውት እየዞሩ እኔን ሌባ ያደርጉኛል?» አለኝ።

ልጄ ይህን ስትሰማ መጀመሪያ ሆዷን ይዛ ሳቀች፣ ቀጥላ ተቆጣች። ያን ጊዜ ወልድያ ውስጥ አንድ የፎቶ ኮፒና የኮምፒውተር ቤት ተቀጥራ ትሠራ ነበር። ጠዋት ጠዋት ከእኔ ጋር ጋቢና ተቀምጣ ትሄዳለች፣ ማታ ይዣት እመለሳለሁ። ቀኑን ሙሉ እሷ ዘንድ የሚመጣው ስልኩ የተቆለፈበት ሰው ነው። አንዱ በቀላሉ እንዳይጠፋው ብሎ የልደቱን ቀን ያደርግና ጎረቤቱ ይገባበታል። ሌላው ማንም እንዳይገባበት ብሎ ፊደልና ቁጥር እንዳመጣለት ይደረድርና በሳምንቱ ራሱ መግቢያ ያጣል። ከሁሉም የምትገረመው ግን በታቦቱ ቀን በሚቆልፈው ሰው ነው። በየወሩ ዝክር እያወጣ፣ ጎረቤቱን ጠርቶ እያበላ፣ ያንኑ ቀን ምሥጢር ነው ብሎ ስልኩ ውስጥ ያስገባዋል። እኔም ታርጋውን ትቼ ልዞር ያሰብኩት ወደዚያው ነበርና ዝም አልኳት።

አንድ ቀን ከሰዓት ተሳፋሪ እስኪሞላልን ወልድያ መናኸሪያ ውስጥ ቆመን ስልኬን ተቀበለችኝ። ያኔ ዐረብ አገር ለመሄድ ወረቀቷን ጨርሳ አንድ ወር ቀርቷት ነበር። እኔ አልወደድኩትም፤ እናቷም አልወደደችውም፤ እሷ ግን ቆርጣለች። ከመሄዴ በፊት ይህን ነገር አስተካክዬልህ ልሂድ አለችኝ። ረጅም መሆን አለበት አለች፤ ረጅም ሆኖ የማይረሳ ደግሞ አንተ ራስህ ካለፍክበት ነገር ሲሠራ ነው። እርስ በርሳቸው የማይገናኙ አራት ነገሮች ፈልግ፤ ሌላ ሰው አንድ ላይ የማያስባቸው፣ አንተን ግን አንድ ታሪክ የሚያስይዙህ።

እኔ ያለኝ ታሪክ መኪና የተበላሸብኝ ታሪክ ነው። ለማንም ተሳፋሪ የማወራው እሱን ነው፤ እሷም ጋቢና ተቀምጣ ስንት መቶ ጊዜ ሰምታዋለች። ስለዚህ ጎማ፣ ቁልፍ፣ ቺንጋ፣ ራዲያተር ብዬ ቆጠርኩላት። ራሷን ነቀነቀች።

«አባዬ፣ የተበላሸብህን ማንም ሹፌር ይገምታል። ያዳነህን ግን አንተ ብቻ ነህ የምታውቀው» አለችኝ።

ይህን ስትል እንዴት እንዳየኋት አልረሳውም። እኔ ሃያ ምናምን ዓመት ስለ ብልሽት ሳወራ ኖሬያለሁ፤ ያዳነኝን አስቤ አላውቅም ነበር። ቆጠርኩት፤ አራትም ሆነ።

ግራና ላይ ያዳነኝ ጭድ ነው። የገበያ ቀን፣ ኮረት መንገድ ላይ ሁለት የኋላ ጎማ ተከታትሎ ፈነዳብኝ። መለዋወጫው ለአንዱ ሆነ፤ ለሌላው ምን ይሁን? ጭድ ጭኖ የሚመለስ ገበሬ አህያውን አቁሞ፣ ጭዱን ጎማው ውስጥ ሞልታችሁ ጠቅጥቁት አለን። ቀልድ መስሎኝ ልቆጣው ነበር። ጠቅጥቀን እንደ ታመመ ሰው ቀስ እያልን መርሳ ገባን።

መርሳ ላይ ያዳነኝ ሽቦ ነው። የገዛ ቤቴ ደጅ ላይ፣ ቁልፉን መኪናው ውስጥ ትቼ በሩን ዘጋሁት። ተሳፋሪ መናኸሪያ ይጠብቀኛል። ደነገጥኩና የሚስቴን የልብስ ማስጫ ሽቦ ቆርጬ በመስኮቱ አሾልኬ ከፈትኩት። የታጠበው አንሶላ ጭቃ ላይ መውደቁን ያየሁት ሞተር አስነስቼ ስሄድ በመስታወት ነው። አልቆምኩም። ስመለስ የሆነውን እዚህ አልጽፈውም።

ሲሪንቃ ላይ መቀነት ነው። ገና ሳላገባ፣ ከምርምር ጣቢያው አለፍ እንዳልኩ የሞተሩን ማራገቢያ የሚያዞረው ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ተበጠሰ። ከተሳፋሪዎቹ አንዲት እናት ወገባቸውን ፈትተው መቀነታቸውን ሰጡኝ። አጥብቄ ጠምዝዤ አሰርኩት፤ እየቆምን፣ እያበረድን ወልድያ ገባን። መቀነቱ ጠቁሮ፣ ተልጦ ሲወጣ አፍሬ ቆምኩ። እሳቸው ግን እስከ ደጃፌ አድርሰኝና ይበቃኛል አሉኝ።

ሐራ ላይ ደግሞ እርድ ነው፤ ያ ወጥ የሚጣልበት ቢጫ እርድ። ራዲያተሩ አፍስሶ ገበያው ጫፍ ላይ ቀረሁ። ቅመም የምትሸጥ ሴት ከመደቧ ተነስታ እፍኝ ሙሉ እርድ አምጥታ ራዲያተሩ ውስጥ እንድጨምረው ነገረችኝ፤ ውሃውም አላህ ያግራልህ ብላ ከራሷ ጀሪካን ቀዳችልኝ። እርዱ ቀዳዳውን ደፍኖ ያዘልኝ። ያን ቀን ልጄ የተወለደችበት ቀን ነው። ሚስቴ ምጥ ላይ መሆኗ ሐራ እያለሁ ተነግሮኝ ወደ መርሳ ስከንፍ ነበር የቆምኩት። ስደርስ ሁሉም ነገር አልፎ ነበር። ከባድ ምጥ እንደነበር አዋላጇ ነገረችኝ፤ ሚስቴ ምንም አላለችኝም፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታለች። እስከዛሬም ምንም ብላኝ አታውቅም፤ እኔም ሐራ የሚለውን ቃል ቤት ውስጥ ላለማንሳት እጠነቀቃለሁ።

ልጄ እነዚህን አራት ቃላት በእንግሊዝ ፊደል ጻፈቻቸው። በየመካከላቸው ነጥብ አስገባች፤ ነጥቡ መኪናዋ የቆመችበት ነው አለችኝ። ስልኩ ቁጥር ካልገባ አልቀበልም ሲል የሚኒባሷን ወንበሮች ብዛት፣ ዐሥራ ሁለትን፣ መጨረሻ ላይ ጨመረች። ቅደም ተከተሉን ስጠይቃት፣ «እንደምታወራው ነው የደረደርኩት» አለችኝ። አንድ ሳምንት ሙሉ ጠዋት ጠዋት የመስታወቱ አቧራ ላይ በጣቴ እያስጻፈች ፈተነችኝ፤ ስጨርስ በእጅጌዋ ትጠርገዋለች። እንደማልረሳው እርግጠኛ ነበርኩ። ማን የራሱን ታሪክ ይረሳል?

ከመሄዷ ሁለት ቀን በፊት የሥራ ውሏን ፎቶ አንስታ ወደዚያ ኢሜሌ ላከችው። በጦርነቱ ጊዜ ቤታችን ተበርብሮ፣ የእሷ የትምህርት ማስረጃ ሳይቀር ወረቀታችን ሁሉ ጠፍቶ ነበርና ከዚያ ወዲህ ወረቀት የሚባል ነገር አታምንም። ዋናውን ይዛ ሄደች። እንደ ደረሰች አሠሪዎቿ ወሰዱባት፤ ዳግም አላየችውም። ስልኳም በመጀመሪያው ዓመት ተሰባብሮ፣ የነበረው ሁሉ አብሮ ጠፋ። ውሉ በዓለም ላይ የቀረው የእኔ ኢሜል ውስጥ ብቻ ነው።

እኔስ? አንድ ቀን መኪና ሥር ተኝቼ ዘይት ስለውጥ ስልኬ ከደረት ኪሴ ሾልኮ የተቃጠለው ዘይት ባልዲ ውስጥ ገባ። አወጣሁት፤ አልነሳም አለ። አዲስ ስልክ ገዛሁ፤ እየደወልኩበት ሁለት ወር አለፈ። ኢሜሉን መክፈት ትዝ ብሎኝ አያውቅም። በዚያ ሁሉ ጊዜ አሮጌው ስልክ ሳይጠይቀኝ ራሱ ይከፍትልኝ ስለነበር ፓስወርዱን አንዴም ጽፌው አላውቅም።

ከዚያ አንድ ሰኞ ልጄ ደወለች። በሌላ ሴት ስልክ ነው፣ ድምፅዋ ቀጥኗል። ውሏ ሁለት ዓመት ነበር፤ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆኗታል፤ አሠሪዋ ግን ሦስት ዓመት ነው የፈረምሽው ብላ አልለቅሽም አለቻት። ለሐሙስ ጠዋት የሠራተኛ ጉዳይ የሚያይ ቢሮ ቀጥሯቸዋል። ሁለት ዓመት የሚለውን ወረቀት ካሳየች ያሰናብቷታል፤ ካላሳየች ወደ አሠሪዋ ቤት ትመለሳለች፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ከቤት ስለማያስወጧት ሌላ ቀጠሮ የሚባል ነገር የለም። ስልኩን ያዋሰችኝ ለደቂቃ ነው፣ ከፍቼ ለመፈለግ ጊዜ የለኝም፤ ወረቀቱን ወደዚህ ቁጥር ላክልኝ አለችኝ። እሺ፣ አሁኑኑ እልክልሻለሁ አልኳት። አባት ነኝ፤ ሌላ ምን ልል እችላለሁ? ስልኩ ተዘጋ። መልሼ ስደውል ጥሪ አይቀበልም አለኝ።

አዲሱን ስልክ ይዤ ግቢዬ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። አራቱ ቃላት አልጠፉኝም፣ ተመስገን። ነጥቡንም፣ ዐሥራ ሁለቱንም አስታውሳለሁ። እንደምታወራው ያለችኝም ትዝ ይለኛል። እኔ ደግሞ ሹፌር ነኝ፤ ሹፌር የሚያወራው በመንገዱ ቅደም ተከተል ነው ብዬ ከግራና ተነሳሁ፤ መርሳ፣ ሲሪንቃ፣ ሐራ። ስህተት ነው አለኝ። የጣቴ ስህተት መስሎኝ ደገምኩት፤ ስህተት። ከሐራ ወደ ግራና መልሼ ነዳሁት፤ አሁንም ስህተት።

ሚስቴ ከጓዳ ወጥታ ምን ሆነህ ነው አለችኝ። ነገርኳት። ፊቷ አመድ መሰለ፤ ግን አልጮኸችብኝም። አጠገቤ ተቀምጣ አሰበችና፣ አንተ ስታወራ ሁልጊዜ የምትጀምረው ከሲሪንቃ ነው፣ ከመቀነቷ ሴትዮ ነው አለችኝ። እውነቷን ነው፤ እንግዳ መጥቶ ሳወራ ከሲሪንቃ እጀምራለሁ። መቀነት፣ ጭድ፣ ሽቦ፣ እርድ አልኩት። ስህተት። ያኔ ስልኩ ብዙ ጊዜ ተሳስተሃልና ነገ ሞክር ብሎ ፊቴ ላይ ዘጋው። ስልኩን ግድግዳው ላይ ልወረውረው እጄን ሳነሳ ሚስቴ እጄን ያዘችው።

ማክሰኞ ልጄ ትሠራበት ወደነበረው ፎቶ ኮፒ ቤት ወልድያ ሄድኩ። ባለቤቱ ደግ ሰው ነው፣ ሥራውን ትቶ አየልኝ። ፓስወርድ ለጠፋበት ሰው በመልእክት ኮድ ይላካል፤ የእኔ ኮድ የሚላከው ግን ልጄ አገር ቤት ስትጠቀምበት ወደነበረው ቁጥር ነው፤ ያ ቁጥር ከተዘጋ ቆይቷል። እንግዲህ አስታውሰው፣ ሌላ መንገድ የለም፤ ደጋግመህ ከተሳሳትክ ግን ለረጅም ቀን ይዘጋብሃልና ተጠንቀቅ አለኝ። በመልሱ ጉዞ ያወራኋት ቃል የለም። ተሳፋሪዎቹ ደግሞ የለመዱትን ወሬ ሲያጡ ሹፌሩ አሞት ይሆን እያሉ ይንሾካሾካሉ። ሲሪንቃን ሳልፍ እንባዬ መጣ። አንዲት ቃል ቀድማ አንዲት ቃል ተከትላ ብትሆን ኖሮ ልጄ ትመጣለች፤ ይህን ያህል ቀላል ነገር፣ ይህን ያህል ከባድ።

ረቡዕ ጠዋት የፊት ጎማዬ ተንፍሶ አደረ። በንዴት ላይ ንዴት። እየጎተትኩ ወደ ቀድሞ ረዳቴ ጎማ ቤት ሄድኩና ጎማውን ሲፈታ ቆሜ ሳልፈልግ ሁሉንም ነገርኩት። መጀመሪያ አልሳቀም፤ እሱ ሳይስቅ ሲሰማኝ ያን ቀን የመጀመሪያው ነው። ከዚያ መኪናውን ያነሳበትን ክሪክ ለቆ ቀና አለ።

ከግራና ነው የሞከሩት? አለኝ። አዎ አልኩት። ከዚያ ከሲሪንቃ? አዎ፣ ሚስቴ ነግራኝ።

«ጋሼ፣ አንቱ ከሲሪንቃ የሚጀምሩት እትዬ ባሉበት ነው። መኪና ውስጥ ዐሥራ አንድ ዓመት ሰምቼዎታለሁ፤ አንድ ቀን ከሐራ ሌላ ጀምረው አያውቁም። መጀመሪያ ሐራ ነው፤ እሷ ስትወለድ አልደረስኩም ይላሉ፣ ትንሽ ዝም ይላሉ፣ ከዚያ ነው ወደ መቀነቱ የሚሄዱት።»

ይህን አላውቅም ነበር። ሰው የራሱን ኩርፊያ አያውቅም፣ የራሱን ማንኮራፋት አይሰማም፤ እኔ ደግሞ ሃያ ሦስት ዓመት ለማላውቀው መንገደኛ ሁሉ መጀመሪያ ያንን ስናገር እንደኖርኩ አልሰማሁም። ልጄ ግን ጋቢና ተቀምጣ ሰምታኛለች። ከዚያ በኋላ የትኛው ይመጣል አልኩት። ሳያስብ በጣቱ ቆጠረልኝ፤ መቀነት፣ ጭድ፣ ሽቦ። እንዲያውም ሽቦው ላይ ሲደርሱ ሁልጊዜ መናኸሪያ እንገባለን፣ የአንሶላውን ነገር ሳይጨርሱ ሰው ይወርዳል አለኝ።

ጎማዎቹ ላይ ተቀምጬ ጻፍኩት። አንድ ፊደል በጻፍኩ ቁጥር ቆም ብዬ አነበዋለሁ። እርድ፣ ነጥብ። መቀነት፣ ነጥብ። ጭድ፣ ነጥብ። ሽቦ፣ ነጥብ። ዐሥራ ሁለት። ስልኩ ትንሽ አሰበና ተከፈተ። ረዳቴ ግራሶ በነካ እጁ ትከሻዬን ይዞ አብሮኝ ያያል። ውሉ እዚያው ተቀምጧል፤ የልጄ ፊርማ፣ ከሥሩ ሁለት ዓመት የሚለው። እዚያው ሆኜ ወደ ደወለችበት ቁጥር ላክሁት። ከዚያ በኋላ ነው ያለቀስኩት፤ በጎማ ቤት ደጃፍ፣ ደንበኛ እያየኝ፣ ምንም አላፈርኩም።

ያን ቀን ለዚህ ሰው ያለኝን ምስጋና በምን እንደምገልጸው አጣሁ። ስሜን አጥፍቶ አማቴን በነፃ ያስጫነኝ ሰው ነው። አቅፌው የአማቶቹን ነገር ይቅር ብዬሃለሁ አልኩት። ጎማውን እያስገባ፣ እኔስ ይቅር ያሉኝ ድሮ መስሎኝ ነበር አለኝ።

ሐሙስ ከቀትር በኋላ ልጄ ደወለች። ስልኩን ያዋሰቻት ሴት አብራት ሄዳ፣ የቢሮው ሰው ወረቀቱን በሴትዮዋ ስልክ ላይ አጉልቶ አይቶ፣ አሠሪዋን ጠይቆ፣ በሦስተኛው ሳምንት ትኬት እንዲቆረጥላት ወስኗል። ሚስቴ ስልኩን ከእጄ ነጥቃ እልል አለች፤ ጎረቤት የሠርግ ነገር መስሎት ብቅ አለ። እኔ እነዚያን ሰዎች ሁሉ አመሰገንኩ፤ የጭዱን ገበሬ፣ መቀነታቸውን የፈቱትን እናት፣ እርድ ሻጯን። አንዳቸውም ስሜን አያውቁም። መጀመሪያ እኔን ወደ ቤቴ፣ አሁን ደግሞ ልጄን ወደ እኔ አድርሰዋል።

ወልድያ የደረሰች ቀን እናቷና እኔ ሄደን ተቀበልናት። የቀድሞ ረዳቴ ጎማ ቤቱን ዘግቶ፣ ዛሬ በሩ የእኔ ነው ብሎ አብሮን መጣ። ሦስታችን ጋቢና ተቀመጥን፤ ሚስቴ መካከል፣ ልጄ በመስኮቱ በኩል፣ እንደ ድሮዋ። ከስታለች፤ ግን ሳቋ ያው ነው። ሲሪንቃን ስናልፍ ልጄ ወደ እኔ ዞር አለች።

«አባዬ፣ እስቲ አውራን። ከሐራ ጀምር» አለችኝ።

ሚስቴ አጠገቤ ናት፤ ክንዷ ክንዴን ይነካል። ዓይኔን ከመንገዱ ሳላነሳ ጀመርኩ። ራዲያተሩ እንዴት እንዳፈሰሰ፣ እርድ ሻጯ እንዴት እንደመጣች፣ ሚስቴ ምጥ ላይ እንዳለች ሰምቼ ስመጣ መንገዱ እንዴት እንደረዘመብኝ፣ ደርሼም በሩ ላይ ቆሜ ጀርባዋን እያየሁ መግባት እንዳቃተኝ ተናገርኩ። ያን ቀን አጠገብሽ መሆን ነበረብኝ አልኳት።

ሚስቴ፣ ሴትየዋ እርዱን በነፃ ነው የሰጠችህ ብላ ጠየቀችኝ። አዎ፣ ልክፈልሽ ብላት አልቀበልም አለችኝ አልኳት። እግዜር ይስጣት አለች። ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰች፤ የመርሳ ቤቶች መታየት ሲጀምሩ ነው ወደ እኔ ዞራ የተናገረችው።

«ሃያ ሦስት ዓመት ለመንገደኛው ሁሉ ይቅርታ ስትል ኖርህ? ለእኔ ብትለኝ ኖሮ አንድ ቀን ይበቃህ ነበር።»